ኢ ቪታራ ማርቆስ መች ነው የሚገባው?

አጎቴ ዲኤክሷን ከሸጡ አመት አለፋቸው። ዲኤክስ ስል ያቺን የድሮዋን ቶዮታ ኮሮላ ነው፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሙሽራ የወሰደች፣ ምጥ የያዛትን ሴት በሌሊት ሆስፒታል ያደረሰች፣ አንዴ ከሉማሜ አራት ኩንታል ጤፍ ካልጫንኩ ብለው የኋላ ሞላዋ ተሰብሮ መንገድ ላይ አብረናት ያደርን። የሸጧት ለምን መሰላችሁ፣ ልጃቸው ስልክ ላይ አንድ ቪዲዮ አሳየቻቸው፣ ሱዙኪ ኤሌክትሪክ ቪታራ አወጣ የሚል። "ቪታራ እንኳ ኤሌክትሪክ ከሆነች ዲኤክስ ምን ትጠብቃለች" አሉና በሳምንቱ ሸጧት። ከዛ ቀን ጀምሮ ጠባቂው እሳቸው ሆኑ። አሁን ቤታቸው ስሄድ ሰላምታውን ሳንጨርስ "እህ፣ መጣች?" ነው የሚሉኝ፣ እኔ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ሰራተኛ ነኝ እንጂ መኪና አስመጪ አይደለሁም ብል ማን ሊሰማኝ።

እውነቱን ለመናገር ግን ጥያቄያቸው የሳቸው ብቻ አይደለም፣ ዛሬ አዲስ መኪና እገዛለሁ ያለ ሰው ሁሉ እዚሁ ወረፋ ላይ ነው። በጥር 2016 መንግስት በነዳጅ የሚሰሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ተናገረ፣ በአለም እንዲህ ያለ ነገር የሞከረ አገር አልነበረም። ከዛ በፊትም በ2012 የወጣው የኤክሳይስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ሲጭን ቪትዝ እንኳ የሀብታም መኪና ሆና ነበር። ኤሌክትሪክ ላይ ግን ተቃራኒው ነው የተደረገው፣ ማበረታቻው ሲወጣ ቫትም ኤክሳይስም ሱር ታክስም ቀርቶለት ተገጣጥሞ ለመጣ 15 በመቶ ቀረጥ ብቻ፣ በከፊል ለተገጣጠመ 5፣ ተፈታቶ መጥቶ እዚህ ለሚገጣጠም ዜሮ። ስለዚህ በሩ ኤሌክትሪክ ብቻ ሆነ ማለት ነው። በሩ ተከፍቶ ታዲያ የምንፈልገው መኪና ለምንድነው የማይገባው፣ የማንፈልገው ደግሞ ለምንድነው ቀድሞ የሚገባው? ይሄን ነገር ለአጎቴ ስል ብዬ ቁጭ ብዬ ተከታተልኩት፣ መልሱ ካሰብኩት በላይ ገራሚ ነው።

በቪታራዋ እንጀምር። ሱዙኪ ሀሳቡን መጀመሪያ ያሳየው በጥር 2015 ህንድ ዴልሂ አጠገብ በተደረገ የመኪና ትርኢት ላይ ነው፣ ያኔ ስሟ ኢቪኤክስ ነበር፣ ገና የናሙና መኪና። እውነተኛዋ፣ ማለት ለሽያጭ የምትሰራዋ፣ ጥቅምት 2017 ጣሊያን ሚላኖ ላይ ተገለጠች። ፋብሪካው ግን ጣሊያንም ጃፓንም አይደለም፣ ህንድ ጉጅራት ክፍለ ሀገር ሀንሳልፑር የሚባል ቦታ ነው፣ ለአለም በሙሉ የምትሰራው እዛ ብቻ ነው። ነሐሴ 20 ቀን 2017 የህንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሞዲ እዛው ተገኝተው ሸኟት፣ ከመቶ በላይ አገር ትሄዳለች ተባለ። አጎቴ "ከመቶ በላይ አገር" የምትለውን ሲሰሙ ከመቶው አንዷ እኛ ነን ብለው ደመደሙ።

መቶ አገር ማለት ግን መቶ አገር በአንድ ቀን ማለት አይደለም። በዛው ወር ከጉጅራት ፒፓቫቭ ወደብ 2,900 ያህል መኪና ተጫነ፣ ሁሉም ወደ 12 የአውሮፓ አገሮች፣ እንግሊዝ ጀርመን ኖርዌይ ፈረንሳይ ምናምን። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚያስቀው፣ ያ መርከብ በቀይ ባህር ከሄደ ጅቡቲን በመስኮት እያየ ነው የሚያልፈው፣ መርከብ በሚያጠቁት የየመን ሁቲዎች ምክንያት ዞሬ ልሂድ ካለ ደግሞ አፍሪካን በሙሉ እስከ ደቡብ ጫፏ ይዞራታል። በሁለቱም መንገድ ደጃችን ላይ አልፎ ነው አውሮፓ የሚደርሰው። ህንዶቹ ራሳቸውም አልደረሳቸውም እኮ፣ በጥር 2017 አገራቸው ትርኢት ላይ አይተዋት አጨብጭበዋል፣ ለአውሮፓ ስትጫን ግን የህንድ ገዢ ገና እጁ አልገባችም ነበር። በደጃፉ የሚሰራውን ጉጅራቴ ካስጠበቁት የማርቆሱን ምን ያስቸኩላቸዋል።

ለምን አውሮፓ ቀደመ ካልን ሀብታም ስለሆኑ ብቻ አይደለም፣ ብዙ ሰው እንደዛ ነው የሚመስለው። አውሮፓ ህብረት ውስጥ አንድ የመኪና ድርጅት በአመት የሚሸጣቸው መኪኖች ሁሉ በአማካይ ከተወሰነ ጭስ በላይ ካወጡ ይቀጣል። ቅጣቱ ከጣሪያው ላለፈች እያንዳንዷ ግራም 95 ዩሮ ነው፣ እሱም በተሸጠው መኪና ቁጥር ተባዝቶ። አስቡት፣ አንድ ድርጅት 100,000 መኪና ሸጦ አማካዩ በአንዲት ግራም ቢያልፍ 9.5 ሚሊዮን ዩሮ ሊወጣበት ነው ማለት ነው። በፈረንጆቹ 2025 ይሄ ጣሪያ ጠበበ፣ ጩኸቱ ሲበዛ በሶስት አመት አማካይ ይታይ ተብሎ ትንሽ ትንፋሽ ተሰጣቸው እንጂ አልቀረም። እንግሊዝ ደግሞ በራሷ ህግ ከሚሸጡት አዳዲስ መኪኖች በ2025 28 በመቶው ከጭስ ነፃ ይሁኑ ብላለች። ስለዚህ ሱዙኪ አውሮፓ ላይ አንድ ኤሌክትሪክ መኪና ሲሸጥ የመኪናዋን ትርፍ ብቻ አይደለም የሚያገኘው፣ ከቅጣትም ያመልጣል። እኛ ጋ አንድ ሲሸጥ ግን ትርፏን ብቻ ነው። የተሰራው ጥቂት ከሆነ መጀመሪያ የት ይላካል፣ ይሄ ሂሳብ ለጤፍ ነጋዴም ግልፅ ነው፣ ባትልክ የሚያስቀጣህ ጋ ነው አስቀድመህ የምትልክ።

ጥቂትም ነው የተሰራው። በፈረንጆች ሚያዝያ 2025 ቻይና ብርቅ ማዕድናት የሚባሉትን ወደ ውጭ መላክ ላይ የፈቃድ ግዴታ ጣለች። የኤሌክትሪክ መኪና ሞተር ውስጥ ያለው ማግኔት ሙቀት ሲበዛበት አቅሙ እንዳይወርድ ዲስፕሮሲየምና ተርቢየም የሚባሉ ነገሮች ጠብ ይደረግበታል፣ ጠብታ ነች ግን እሷ ከሌለች ሞተሩ የለም፣ እነዚህን የምታጣራው ደግሞ በአብዛኛው ቻይና ናት። በዛው አመት ሰኔ ላይ ሮይተርስ እንደዘገበው ህንድ ውስጥ ያለው የሱዙኪ ድርጅት ከሚያዝያ እስከ መስከረም 26,500 ኢ ቪታራ እሰራለሁ ያለውን ወደ 8,200 አወረደው። ጨው እንደጎደለው ወጥ ማለት ነው፣ ስጋው አለ ቅቤው አለ፣ እንግዳው ግን ይጠብቃል። ባትሪዋም ቢሆን በቻይናው መኪና አምራች ቢዋይዲ ስር ያለ ኩባንያ የሚሰራው ነው፣ ስለዚህ አጎቴ "የቻይና አልፈልግም፣ ጃፓን ነው የምፈልግ" ሲሉ እኔ ዝም ነው የምለው። ስሟ ጃፓን፣ አገሯ ህንድ፣ ሆዷ ቻይና።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ያልጠበቅነው ለምን ቀድሞ መጣ።

ቢዋይዲ ሲጋል የምትባለዋን ሚጢጢ መኪና አይታችኋታል፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሞልታለች፣ እኛ ጋም ብቅ ማለት ጀምራለች። ቻይና ውስጥ ለሽያጭ የወጣችው በፈረንጆች ሚያዝያ 2023 ነው። አውሮፓ በይፋ የገባችው ግንቦት 2025፣ ስሟ ተቀይሮ ዶልፊን ሰርፍ ተብላ፣ መከላከያዋ ተለውጦ ትንሽ ረዘም ብላ። ሁለት አመት ማለት ነው። እኛ አገር ግን አውሮፓዊው ፎቶዋን በሚያይበት ጊዜ ሰው ይነዳት ነበር! (በነገራችን ላይ እናቴን ዶልፊን የሚባል መኪና አውሮፓ ገባ ስላት "ምነው ያ ከባህር ዳር ማርቆስ የሚጭነው ሚኒባስ?" አለችኝ፣ እሷ እንኳን አስር ጊዜ ቢያስረዷት ዶልፊን ማለት ለሷ ሃይሩፍ ሚኒባስ ነው፣ ልክም ናት።)

እንዴት ቀደምን? በጓሮ በር ነው። አንድ ነጋዴ ቻይና ውስጥ መኪናዋን ከሻጭ ይገዛል፣ እዛው ታርጋ ያወጣላታል፣ በማግስቱ ያገለገለች ተብላ ለውጭ ትሸጣለች፣ ኪሎሜትሯ ዜሮ ነው ወረቀቷ ግን ያገለገለ ይላል። አምራቹ አያውቃትም፣ ማለት ወደ ኢትዮጵያ ልሂድ ብላ አልተፈጠረችም። ለዚህ ነው ፈጣን የሆነው፣ የአገሩን መንገድ የፈተሸ የለም፣ ወኪል የሾመ የለም፣ መለዋወጫ ያከማቸ የለም፣ መካኒክ ያሰለጠነ የለም፣ ጫን ብቻ ነው። ይፋዊው መንገድ ሁለት አመት የሚፈጅበት ያን ሁሉ ስለሚሰራ ነው። ስለዚህ ጥበቃውን ዘለልነው እንጂ አላስቀረነውም፣ መኪናዋ ከመጣች በኋላ እንጠብቃለን። መስታወት ተሰብሮ ሶማሌ ተራ ድረስ ልኮ ከቻይና እስኪመጣ ሁለት ወር የጠበቀ ሰው አውቃለሁ፣ መኪናው ግቢ ውስጥ በሸራ ተሸፍኖ ዶሮ ይሰፍርበት ነበር።

የጓሮዋ መኪና ምን ምን ይዛ እንደምትመጣ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም በስራዬ ያጋጠመኝ ነው። ስክሪኗ ቻይንኛ ነው፣ አንዳንዱ ወደ እንግሊዝኛ ይቀየራል አንዳንዱ አይቀየርም። ስልክ ላይ ያለው አፕ ቻይና ያለ ሰርቨር ስለሚፈልግ እዚህ አይሰራም። የቻርጅ ቀዳዳዋ የቻይናው አይነት ነው፣ ጂቢቲ የሚሉት፣ የአውሮፓዎቹና የህንዷ ኢ ቪታራ ደግሞ ሲሲኤስ ሁለት የሚባለው ነው፣ አንዱ ወደ አንዱ አይገባም። ከተማ ውስጥ አንድ ቻርጀር ቢተከል የየትኛው ይሆናል የሚለው ራሱ ጥያቄ ነው፣ ዛሬ መንገዱ ላይ ያለው አብዛኛው የቻይና ስለሆነ የተከለ ሰው የቻይናውን መትከሉ አይቀርም፣ ያን ጊዜ አጎቴ ቪታራቸውን ይዘው ሲመጡ አስማሚ ፍለጋ ሊዞሩ ነው። ይሄን አልነገርኳቸውም፣ ደም ግፊት አለባቸው።

ሌላው የኪሎሜትሩ ነገር ነው፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ትንሿ የሲጋል ባትሪ 30 ኪሎዋት ሰዓት ሆና 305 ኪሎሜትር ትሄዳለች ይላል ማስታወቂያው፣ ትልቋ 38.88 ሆና 405። ይሄ በቻይና መለኪያ ነው፣ የቻይና መለኪያ ደግሞ ቀስ እያሉ ከተማ ውስጥ የሚነዱት አይነት ስለሆነ ለጋስ ነው። የአውሮፓው መለኪያ ጠበቅ ይላል፣ ኢ ቪታራ ባለ 49 ኪሎዋት ሰዓቷ ባትሪ 340 ገደማ፣ ባለ 61ዷ 420 ገደማ የተባለችው በዛ ነው። የህንዱ መለኪያ ሌላ፣ እዛ ያቺው ባለ 61ዷ ከ500 በላይ ናት። አንድ መኪና፣ አንድ ባትሪ፣ እንደየአገሩ የሚለያይ ቁጥር። ስለዚህ ሻጩ ቁጥር ሲጠራላችሁ በማን መለኪያ ብላችሁ ጠይቁት፣ ካልመለሰላችሁ ሩቡን ቀንሱ፣ ይሄ የራሴ ግምት ነው ግን እስካሁን ብዙም አላሳፈረኝም።

የጓሮ በሩም ቢሆን እየጠበበ ነው። ቻይና ከፈረንጆች ጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ የኤሌክትሪክ መኪና ወደ ውጭ የሚልክ ሁሉ ፈቃድ ያውጣ ብላለች፣ ታርጋ ከወጣላት 180 ቀን ያልሞላትን መኪና ያገለገለ ብሎ የሚልክ ደግሞ ከአምራቹ ከሽያጭ በኋላ አገልግሎት እሰጣለሁ የሚል ማረጋገጫ ያምጣ ተባለ። ለምን መሰላችሁ፣ ለኛ አዝነው አይደለም፣ በጓሮ የሄደው መኪና ጥገና አጥቶ ሲቆም የሚሰደበው ቻይና የሰራው ነው እየተባለ ስለሆነ ነው። ግን ለኛ ይጠቅማል ወይ ብትሉኝ ሁለት ስለት ነው፣ ውሎ አድሮ ወኪል ያለው መኪና ይበዛል፣ በቅርቡ ግን የሚገባው ይቀንስና ዋጋ ይወጣል። ያለፈውን ክረምት "ትንሽ ልጠብቅ ይረክሳል" ያለ ሰው አሁን እየቆጨው ይሆናል።

ስለ ዋጋ ከተነሳ የጥበቃው እውነተኛ ህመም እዚህ ነው ያለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ በገበያ ይወሰን ተባለ፣ ዶላር በ57 ብር ገደማ የነበረው በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ለምሳሌ 20,000 ዶላር የምታወጣ መኪና ብትሆን ቀድሞ 1.14 ሚሊዮን ብር ነበረች፣ በ100 ሂሳብ 2 ሚሊዮን ሆነች፣ መኪናዋ አንድ ብሎን አልተጨመረላትም። አጎቴ ዲኤክሷን የሸጡበት ገንዘብ ከቁጠባቸው ጋር ተደምሮ ባንክ ተቀምጧል፣ ወለድ ይወልዳል ይባላል፣ የአጎቴ ሚስት ግን "ምን ይወልዳል፣ እየመከነ ነው እንጂ" ይላሉ። ሱዙኪ መኪናዋን በአንድ ወር ባዘገየ ቁጥር አጎቴ የሚከፍሉት አለ፣ ደረሰኝ አይቆረጥለትም እንጂ።

ቅድሚያ ክፈል የሚባለውንም ሞክረናል። አዲስ አበባ አንድ መኪና መሸጫ (ስሙ ይቅር) ኢ ቪታራ በሁለት ወር እናስገባለን፣ ሰላሳ በመቶ አስይዙ አለን። አጎቴ ሊያስይዙ ነበር፣ እኔ ውሉን ላንብበው አልኩ፣ ውሉ ላይ የመኪናዋ ስም "ቪታራ ኤሌክትሪክ ወይም ተመጣጣኝ" ይላል። ተመጣጣኝ ማለት ምንድነው ስለው ልጁ ሳቀ። "ጋሼ፣ ያው እንግዲህ ገበያው የሚያመጣውን" አላቸው ለአጎቴ። የማስረከቢያ ቀን ቦታው ባዶ ነው፣ የምንዛሬ ለውጥ ካለ ገዢው ይሸከማል የሚል ግን በደማቁ ተፅፏል። ተመልሰን ጎጃም በረንዳ ምሳ በልተን ወደ ቤታችን። የዛን ቀን ብር ያስያዘ አንድ የቢቸና ሰው ተዋውቀን ነበር፣ በሰባተኛው ወር ደውዬ ስጠይቀው "ኧረ ተወኝ ወንድሜ" ብሎ ዘጋው።

እሺ መኪናዋ መጣች እንበል። ከአዲስ አበባ ማርቆስ 300 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ መሃሉ ላይ አባይ በረሃ አለ። ይሄን የሚያህል ነገር በየትኛውም ማስታወቂያ ላይ አታገኙትም፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ከድልድዩ እስከ አፋፉ፣ በደጀን በኩልም በጎሃ ጽዮን በኩልም፣ ከፍታው ከ1,300 ሜትር አያንስም። ኢ ቪታራ ባዶዋን ከ1,700 ኪሎ በላይ ናት፣ አራት ሰውና ሻንጣ ጨምራችሁ 2,000 ኪሎ በሏት። ያን ክብደት 1,300 ሜትር ሽቅብ ለመግፋት ብቻ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፣ ብክነቱ ሲጨመር 8 አካባቢ፣ ይሄ ለዳገቱ ብቻ ነው ለርቀቱ ሌላ። ከ49ኙ ባትሪ አንድ ስድስተኛው በአንድ ዳገት ማለት ነው። ለሲጋልዋም ቀለል ብትልም ባትሪዋ ትንሽ ስለሆነ አንድ አምስተኛው ይሄድባታል።

ቁልቁለቱ ግን የኤሌክትሪክ መኪና ሰርጓ ነው። ሹፌር የሆነ ሁሉ ያውቀዋል፣ አባይ በረሃ ስትወርድ ማርሽ ሁለተኛ አስገብተህ ሞተሩን እያስጮህክ ነው የምትወርደው፣ የሲኖው ፍሬን የሚጋልበት ሽታ እስከ ድልድዩ ድረስ ይከተልሃል። ኤሌክትሪኳ ስትወርድ ሞተሯ ወደ ዳይናሞ ይቀየራል፣ ይጎትትሃል፣ የጎተተውን ደግሞ ባትሪ ውስጥ ይከታል፣ በዳገቱ ካወጣችው ከግማሽ በላዩን በቁልቁለቱ መልሳ ትሰበስባለች። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ባትሪው መቶ በመቶ ሞልቶ አፋፍ ላይ ከቆምክ የሚሰበስብበት ቦታ የለውም፣ ጋን ከሞላ በኋላ ውሃ እንደማይይዝ፣ ያን ጊዜ መጎተቱን ይተውና ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ወደፊት ጎሃ ጽዮን ወይ ደጀን ላይ ቻርጀር የሚተክል ሰው ካለ ለሚወርዱት "ሞልታችሁ አትውረዱ" የሚል ፅፎ ቢለጥፍ ነፍስ ያድናል።

አሁን ሂሳቡን ስትደምሩት በ100 ኪሎሜትር 17 ኪሎዋት ሰዓት ብትበላ 300ው 51 ነው፣ የበረሃውን ኪሳራ ሁለት ሶስት ጨምሩበት። ባለ 49ኟ አትደርስም። ባለ 61ዷ ትደርሳለች ግን እንደ ፆመኛ ነው የምትደርስ፣ ለዛውም መንገዱ ክፍት ከሆነ። ሁላችንም እናውቃለን፣ በነዚህ አመታት እኛ አካባቢ ከቤት ወጥቶ ያሰበበት መድረስ ራሱ ወሬ ነው፣ መንገድ ተዘጋ ተብሎ ግማሽ ላይ መመለስ አለ፣ መመለሻ የሚሆን ቻርጅ መተው ደግሞ ማንም ማስታወቂያ ላይ የማይፅፈው የጎጃም ሂሳብ ነው። ቤንዚን ቢሆን በሃይላንድ ተሞልቶ በእጥፍ ዋጋም ቢሆን መንገድ ዳር ይገኛል፣ ኤሌክትሪክ በሃይላንድ አይሸጥም። ፈጣን ቻርጀር የሚባለው ደግሞ በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው ያለው፣ ኢትዮ ቴሌኮም ሳይቀር እዛ ጣቢያ ከፍቶ በቴሌብር ያስከፍላል።

ታዲያ ለምን አጎቴን ተዉት አላልኳቸውም? ምክንያቱም ከተማ ውስጥና ዙሪያውን ለሚነዳ ሰው ሂሳቡ ከቤንዚን ጋር አይገናኝም። ቤንዚን በ2017 ታህሳስ መጨረሻ በሊትር 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ፣ ዲኤክሷ በመቶ ኪሎሜትር ዘጠኝ ሊትር ብትጠጣ 900 ብር አለፈ ማለት ነው፣ ያውም በማደያ ዋጋ፣ ማደያ ላይ ከተገኘ። ኤሌክትሪኩን ኪሎዋት ሰዓቱን በ10 ብር እንኳ ብናስበው 170 ብር ነው። አጎቴ ሉማሜና ደምበጫ፣ ቢበዛ ቢበዛ ደጀን ነው የሚሄዱት፣ ለሳቸው ትንሿ ባትሪም ትተርፋለች።

የቀረው መብራቱ ነው፣ እሱ ደግሞ የኔ ሰፈር ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላውራ። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ 5,150 ሜጋዋት ሲባል አጎቴ "በቃ አለቀ" አሉ። ጉባ ላይ ያለው ሀይል ሌላ ነው፣ ሰፈራችን ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር ሌላ ነው። ወንዙ ቢሞላ ጓሮህ የሚደርሰው በቦይህ ልክ ነው። አስር ጎረቤት ማታ ሁለት ሰዓት ላይ በ7 ኪሎዋት መኪና ቢሰካ 70 ኪሎዋት ነው፣ ያን ሰዓት ሁሉም ቤት መብራትና ቴሌቪዥን አብርቶ ስቶቭ ጥዷል፣ ያ ትራንስፎርመር እንደሚጮህ አልጠራጠርም። መፍትሄው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ማድረግ ነው፣ መኪኖቹ ሰዓት ይሞላላቸዋል። ሁሉ ነገር ግን ቤት ውስጥ ካለው ሽቦ ነው የሚጀምረው።

ባለፈው ጥምቀት ሰሞን ከአዲስ አበባ ሲጋል ይዞ የመጣ ልጅ ፔንሲዮን አርፎ መኪናዋ ቻርጅ አልደርግም አለችው፣ ሶኬቱ ላይ ሰካ፣ ቻርጀሩ ቀይ አበራ፣ በዲቫይደር ሰካ፣ ቀይ። ሌላ ክፍል ሞከረ፣ ቀይ። ጠሩኝ። ሳየው ቤቱ አርዝ፣ ማለት ያፈተለከ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ፣ የለውም፣ ሶኬቱ ላይ ሶስተኛዋ ቀዳዳ አለች ግን ከኋላዋ ሽቦ የለም፣ ጌጥ ናት። የመኪና ቻርጀር አርዝ ካላገኘ አይሰጥም፣ የመኪናው ብረት ኤሌክትሪክ ቢይዝ የሚነካውን ሰው እንዳይገድል ነው እንዲህ የተሰራው። ልብስ ማጠቢያው አጠገብ መሬቱ ሁሌ እርጥብ ስለሆነ እዛ የመዳብ ዘንግ በመዶሻ ቀበርኩ፣ ሽቦ ጎትቼ አሰርኩት፣ አረንጓዴ አበራ። ልጁ ተንከባልሎ ሊስመኝ ነበር። ማርቆስ ውስጥ ስንት ቤት አርዝ አለው ብትሉኝ፣ እኔ ከገባሁባቸው ቤቶች የሌለው ይበዛል።

አጎቴ ይሄን ስነግራቸው "ታዲያ የኔን ምን ትጠብቃለህ" አሉና መኪናዋ ሳትመጣ መስመሯ መጣ። ከካርድ ቆጣሪው ለብቻው ባለ 6 ካሬ ሚሊሜትር ወፍራም ሽቦ ዘርግቼ፣ 32 አምፔር ብሬከር አስገብቼ፣ አርዝ ቀብሬ፣ በረንዳው ላይ ክዳን ያለው ወፍራም ሶኬት ገጠምኩላቸው። ሰው እንዳይነካው በሚስማር ሰሌዳ መትተው "የመኪና" ብለው ፃፉበት። ጎረቤት እየመጣ መኪናዋ የት አለች ይላቸዋል፣ "መንገድ ላይ ናት" ነው መልሳቸው።

ባለፈው ቅዳሜ ስሄድ ሶኬቱ ስራ ላይ ነው። የአጎቴ ሚስት ኤሌክትሪክ ምጣዳቸውን በረንዳ አውጥተው እንጀራ ይጋግራሉ፣ ኩሽና ውስጥ ያለው የድሮ መስመር ምጣዱን ሲሰኩት ብሬከሩ እየወረደ አስቸግሯቸው ነበር፣ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፣ የኔ መስመር ደግሞ 7 ይችላል፣ ምጣዱ እንደዚህ ሆኖ አያውቅም፣ አይኑ ጥንቅቅ ያለ እንጀራ። አጎቴ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ስልካቸውን እያዩ ነው፣ ሲያዩኝ ቀና አሉና "እህ፣ መጣች?" አሉኝ።

ሚስታቸው አክንባሎውን ሳያነሱ "ብትመጣስ" አሉ፣ "ሊጡ ሳያልቅ አትሰካም።"